በእንግሊዝኛ ቢጠሩት አባቱ መጣ

ስሜን አልነግራችሁም። ንቀት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ስሜን ብነግራችሁ የአባቴን ትጠይቁኛላችሁ። የአባቴን ስም አንድ ጊዜ ከሰጠኋችሁ ደግሞ በየት በኩል አውጥታችሁ የት እንደምታደርሱት አላውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ በስም ጉዳይ ያየሁት ደግሞ እባብ ብቻ አይደለም።

ሥራዬን ግን አልደብቅም። ደብረ ታቦር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ኤስ ጨምሩ፣ ኤስ ጨምሩ» ስል ኖሬ፣ አሁን አሁን ተማሪዎቼ በአማርኛም ሳይጨምሩ የቀሩ አይመስለኝም። ደመወዜ ብቻ ነው እስካሁን ምንም ያልተጨመረበት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እኛ ዘንድ የሰው ስሙ አንድ ነው። ከኋላ የሚከተለው የአባቱ ነው፤ የሱ አይደለም። አባት ከኋላ ሆኖ «ይኸ ልጅ የኔ ነው» እያለ ይመሰክራል እንጂ ተጠርቶ አቤት አይልም። ፈረንጅ ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይይዝና «ሚስተር» ይለጥፍበታል። የመሪዎቻችንን ወሬ በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ጋዜጣ ሰውየውን በራሱ ስም ይጠራዋል፣ ሌላው በአባቱ ስም ይጠራዋል፣ ሦስተኛው እንዳይሳሳት ፈርቶ በየመስመሩ ሁለቱንም ይደጋግማል። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ቁጭ ብለን ሳለ አንድ የታሪክ መምህር የእንግሊዝኛ ዜና ሰማና ደንግጦ «አባትየው ደግሞ መቼ ተሾሙ?» አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅንበት። እኔ እንኳ መሳቅ አልነበረብኝም።

ባለቤቴ ታንጉት በዚህ በኩል አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። የተጋባን ሰሞን አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽ ስሞላ፣ እንግሊዞች ሚስትን በባሏ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ ብዬ «ሚስስ» አልኩና የአባቴን ስም ከጎኑ ገጠምኩ። ወረቀቱን አየችው። ገልበጥ አድርጋ ጀርባውንም አየችው።

«ይኸ ያባትህ ስም አይዶል?»

«ነው።»

«ታዲያ ያገባሁት ማንን ነው? አንተን ነው አማቴን?»

ቅጹን ቀደድኩት። ትምህርቱን ግን አልያዝኩም። መምህር ማስተማር እንጂ መማር ይከብደዋል።

ታንጉትም መምህርት ናት፤ አካባቢ ሳይንስ ታስተምራለች። የምታስተምረው ግን እኔ ባለሁበት ከተማ አይደለም። ጉና ሥር ካሉት ወረዳዎች በአንደኛው፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላው እህል ብርዱን ፈርቶ በማይወጣበት አገር ነው። ስንጋባ «ለአንድ ዓመት ታገሱ» ተባልን። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ቅዳሜ በሚኒባስ ትወርዳለች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትወጣለች። ሰው ሰባት ቀን ሲያገባ እኛ ያገባነው አንድ ቀን ተኩል ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ የሚቀበላት ትምህርት ቤት ካገኘን ቆየን። የጎደለን ያለችበት ወረዳ የሚሰጠው መልቀቂያ ነው። ማመልከቻ ባስገባን ቁጥር ማዕዘኑ ላይ ያችው አንድ መስመር ተጽፋ ትመለሳለች፦ «ምትክ ሲገኝ ትለቀቃለች።» ከማመልከቻው ብዛት የተነሳ ጽሑፉን በእጅ አጣጣሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ጉና ብርድ ላይ በገዛ ፈቃዱ የሚወጣ ምትክ ከየት ይምጣ? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ታንጉት ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። በዚያ መንገድ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር እኔ ደብረ ታቦር ቁጭ ብዬ ወገቤን እይዛለሁ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ሁሉ ስታነቡ ይቺን መልቀቂያ አትርሱብኝ።

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ሞላልኝ ምትኩ ይባላሉ። ስሙን ያዙልኝ፤ ሞላልኝ እሳቸው፣ ምትኩ አባታቸው። እሳቸው «እሺ» ካሉ መልቀቂያው ይወጣል፤ እሳቸው ዝም ካሉ ማኅተሙም ዝም ይላል። አንድ ረቡዕ ራሳቸው ደወሉልኝ። ስልኩን ቆሜ ነው ያነጋገርኩት፤ ለምን እንደ ተነሳሁ አላውቅም።

በውጭ አገር ሰዎች ርዳታ የተሠራ የድንች ዘር ማስቀመጫ ሊመረቅ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ የሆነችው ፈረንጅ ራሷ ትመጣለች። መጥሪያው፣ የዕለቱ መርሐ ግብር፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው እብነ በረድ ጽሑፍ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይፈለጋል። በዕለቱም አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

«ሁሉንም ባንተ ጥየዋለሁ፣ መምህር» አሉኝ። «ሳታሳፍረኝ ከወጣህ የባለቤትህን ደብዳቤ እዚያው ሜዳው ላይ እፈርምልሃለሁ።»

«ምትክ ሳይገኝም?»

«ምትክ ሳይገኝም።»

ያን ቀን አስፋልቱን የረገጥኩት አይመስለኝም። በሁለት ቀን ውስጥ ጽሑፉን አሰማምሬ ቢሯቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይኸ ሚስተር ምትኩ የምትለው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ምትኩ አባቴ ነው።»

«በአማርኛ አዎ። በእንግሊዝኛ ግን እርስዎ ነዎት። ሹም በእንግሊዝኛ ሲጠራ በቤተሰብ ስሙ ነው፤ የዓለም ሥርዓት ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሽ፤ እኔ በእንግሊዝኛ አባቴ ከሆንሁ፣ አባቴ በእንግሊዝኛ ማን ነው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «እሳቸው ገና አልተተረጎሙም» አልኩ።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉና መለሱልኝ። አንተ ታውቃለህ የተባለ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። እብነ በረዱም «ሚስተር ምትኩ» ተብሎ ተቀረጸ፣ የክብር ወንበሩ ፊት የሚቀመጠው ካርድም «ሚስተር ምትኩ» ተባለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኙም ነበርኩ፣ ወረቀቱም በእጄ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ በእንግሊዝኛ ውስጥ ታስሮ ተቀምጧል። የፈታሁት እኔው ነኝ። ፈረንጅ ሰውን ወደ ገዛ ቤቱም ቢሆን በወረቀት ስለሚጠራ፣ ለአስተዳዳሪውም የክብር መጥሪያ ተዘጋጅቶ ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጸሐፊያቸው ወይዘሮ ውዴ ደውላ «ያማርኛውንም አሁኑኑ ላክልኝ፤ ፋይል ውስጥ ይገባል» አለችኝ። ታንጉት ከሚኒባስ የምትወርድበት ሰዓት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እንግሊዝኛውን ፊቴ ዘርግቼ ቃል በቃል ወደ አማርኛ አገላበጥኩት። «ሚስተር» የሚለው «አቶ» ሆነ። ምትኩ ግን ምትኩ እንዳሉ ቀሩ፦

«ለክቡር አቶ ምትኩ። በምረቃው በዓል ላይ የክብር ወንበር ተዘጋጅቶልዎታል። ሪባኑን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት። ንግግርም ያደርጋሉ። መገኘትዎ ታላቅ ደስታችን ነው።»

ላክሁትና ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። ወይዘሮ ውዴ የአስተዳዳሪው አገር ልጅ መሆኗን ማን ነግሮኝ! ከሳቸው ጋር በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ምንጭ ውኃ ያደገች ናት። እሷ የምታውቀው ምትኩ አንድ ነው፤ ከሸንተረሩ ማዶ ገብስና ድንች የሚያርሱት ሽማግሌ። ልጃቸው ከተሾመ ወዲህ አንድም በዓል ላይ ስላልጠራቸው አገሩ ሁሉ ያማው ነበር። ወረቀቱን አንብባ «እሰይ! ልቡ ተመለሰ» ብላ አለቀሰች። ፋይል ውስጥ አላስገባችውም። በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አሽጋ፣ ወደዚያ ለሚያልፉ ቄስ ሰጠቻቸው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሷም እስካሁን በኔ ላይ አላመካኘችም።

የምረቃው ዕለት ጠዋት ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ የታንጉትን ማመልከቻ በኪሴ ይዤ እዚያ ደረስኩ። አዲሱ ቆርቆሮ ያበራል። ሕዝቡ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። ዳስ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አለ፤ መሐሉ የሚስተር ምትኩ፣ ቀኙ የእንግዳዋ፣ ግራው የኔ። በኔ ወንበር ፊት ጠረጴዛው ላይ «አስተርጓሚ» የሚል ካርድ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተቀምጧል። ካርዶቹን ሳስተካክል አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ወረዱ። ጋቢያቸው አዲስ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ ገና አልተፈታም። አንድ ቄስ ከኋላቸው ይከተሏቸዋል።

«ልጄ፣ የኔ ወንበር የትኛይቱ ናት?»

«አንቱን ማን ልበል?»

«ምትኩ ነኝ።»

ያን ጊዜም አልገባኝም። በአገሩ ምትኩ የሚባል ሞልቷል። ሽማግሌው ግን ከብብታቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። የገዛ አማርኛዬን ከነነጠላ ሰረዙ ለየሁት።

«ጋሸ ምትኩ፣ ይኸ ደብዳቤ ትንሽ…»

«ትንሽ አይዶለም ልጄ፤ ትልቅ ነው» አሉኝ። «ሞላልኝ ሲሾም በሰው አፍ ነው የሰማሁት። ቤቱን ሲያስመርቅም አልጠራኝ፤ ሥራ በዝቶበት ነው አልሁ። አሁን ግን ይኸው በማኅተም ጠራኝ። ቄሱን ሦስት ጊዜ አስነብቤያቸዋለሁ።»

ቄሱ «አራት» አሉ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ስሕተት ነው፤ አልተጠሩም» የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ወንበሩን አሳየኋቸው። ካርዱን አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና ቄሱን «ምን ይላል?» አሏቸው። ቄሱ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ ቆጠሩና «ምትኩ ይላል» ብለው መሰከሩ። ሽማግሌው ተደላድለው ተቀመጡ።

ሳይቆይ መኪናው መጣ። አቶ ሞላልኝ በሙሉ ልብስ ቀድመው ወረዱ፤ እንግዳዋ ተከተለቻቸው፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ሴት ናት። አስተዳዳሪው ፈገግ እያሉ ወደ ዳሱ ገቡና ወንበራቸው ላይ አባታቸውን አገኙ።

«አባየ! ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዴ! አንተው አይዶለህ የጠራኸኝ?»

ወረቀቱን አሳዩዋቸው። አቶ ሞላልኝ አነበቡት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ያ አስተያየት ወደ ምንም ቋንቋ አይተረጎምም። እኔ የታየኝ ታንጉት በዘጠነኛ ወሯ ሚኒባስ ስትጠብቅ ነው።

ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «አምሽቸ ስጸልይ ምን አልሁ መሰለህ? ልጄ ረሳኝ ብየ አማሁህ፤ ይቅር በለኝ።»

አቶ ሞላልኝ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው ለአባታቸው መለሱላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአባታቸውን ጉልበት ሳሙና ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ «አዎ አባየ፣ እኔ ነኝ የጠራሁዎት» አሉ። እዚያ ላይ ሰውየውን ወደድኳቸው። ለራሴ ግን ፈራሁ፤ ሰው ለአባቱ የዋጠውን ቁጣ በአስተርጓሚው ላይ እንደሚተፋው አውቃለሁና።

አሁን ወንበር ጎደለ። አባትን አስነስቶ መቀመጥ አይሆንም፤ እንግዳንም እንዲሁ። አቶ ሞላልኝ የቀረችው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የኔ ላይ። «አስተርጓሚ» የሚለው ካርድ ፊት ለፊታቸው ቆመ። እኔ ከኋላ ቆምኩ።

መኪና ውስጥ ማንም ስላላስተዋወቃቸው፣ እንግዳዋ ማን ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ካርዶቹን አነበበች። ሽማግሌውን «ሚስተር ምትኩ!» ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ስማቸውን ሲሰሙ ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ አቶ ሞላልኝ ዞራ በእንግሊዝኛ «እባክህ፣ ሚስተር ምትኩን በማየቴ ክብር እንደተሰማኝ ንገርልኝ» አለቻቸው። አቶ ሞላልኝ «የስ፣ የስ» አሉ። እሷም መልሱን ትጠብቃለች። እሳቸውም «የስ» ይላሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ስናገር «ይኸኛው ደግሞ ማነው?» በሚል ዓይን አየችኝ። ሁለት አስተርጓሚ የያዘ ገበሬ አስተዳዳሪ አይታ የማታውቅ መሰለኝ።

ሪባን ወደ መቁረጡ ሄድን። መቀሱ በሳህን ቀረበ። ሽማግሌው መቀሱን አዩ፣ ሪባኑን ዳሰሱ።

«ይኸን የመሰለ ጨርቅ ለምን ይቆረጣል?» አሉ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እንግዳዋም አጨበጨበች። መቀሱን ያቀረበው ሰው ብቻ ሳህኑን ይዞ ቀረ።

ንግግሩ ተከተለ። የአቶ ሞላልኝ ንግግር አራት ገጽ ሆኖ በእጄ አለ፤ እኔው ነኝ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት። የሚናገሩት ግን በመርሐ ግብሩ መሠረት ሚስተር ምትኩ ናቸው። ተነሱ።

«ንግግር አድርግ ስላሉኝ ነው እንጅ ንግግር አላውቅም። ድንች ግን አውቃለሁ» ብለው ጀመሩ። «ቤቱ መልካም ነው፤ የሠሩትን እጃቸውን ይባርክ። ነገር ግን ይኸን በር ወደ ጉና ያዞረው ማን ነው? ውርጩ እኮ የሚመጣው በዚያ ነው። በጥቅምት ውርጩ ሰተት ብሎ ሲገባ ዘሩ እንደ ተቀቀለ ሁኖ ያድራል። በዚህ በኩል በር ያወጣ ሰው ወይ ድንች አያውቅ፣ ወይ ውርጭ አያውቅ!»

እያንዳንዱን ቃል በዱላቸው በሩን እየጠቆሙ ነው የተናገሩት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አቶ ሞላልኝ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ መልቀቂያዋን አሰብኩና ተረጎምኩ፦ «ሚስተር ምትኩ ሕንፃው እጅግ ውብ ነው፤ በተለይ በሩ ተራራውን ስለሚያሳይ ደስ ይላል ብለዋል።»

እንግዳዋ ሽማግሌውን አየች፣ ዱላውን አየች፣ እኔን አየች።

«ውርጭ ማለት ምንድን ነው?» አለች። «ሦስት ጊዜ ብሎታል።»

ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ እኔ ላይ የተፈረደው በሌላ ሰው አነጋገር ነው። ዋሽቼ የት እደርሳለሁ? አንድ ቀን ጥቅምት ይመጣል፣ ዘሩ ይበሰብሳል፣ የታንጉት ተማሪዎች እናትና አባት በሚቀጥለው ዓመት የሚዘሩት ያጣሉ። እውነቱን ሳላስቀር ነገርኳት። «አያውቅ» የሚለውን እንኳ አላለሰለስኩም።

ሴትዮዋ ተነሳች። ለካስ ሙያዋ ድንች ነው። ወደ በሩ ሄዳ ነፋሱን በእጇ መዳፍ ዳሰሰች፤ ሽማግሌውን ጠርታ ይዛቸው ገባች። ውስጥ በምን ቋንቋ እንደ ተነጋገሩ አልጠይቅም። ሁለቱም እየሳቁ ወጡ፤ ቄሱም ከኋላ።

«ብዙ ምረቃ አይቻለሁ» አለች። «የሚመረቀውን ነገር እንከኑን በግልጽ የነገረኝ መሪ ግን ሚስተር ምትኩ የመጀመሪያው ናቸው። ዘሩ ከመግባቱ በፊት ከበሩ ፊት የነፋስ መከለያ ግድግዳ እንሠራለን።»

ይህን ስተረጉም ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ በኋላ እኔም መናዘዝ አማረኝ። እኛ ዘንድ የኋላው ስም የአባት እንደ ሆነ፣ ሚስተር ምትኩ አባትየው እንደ ሆኑ፣ አስተዳዳሪው ልጃቸው እንደ ሆኑ አስረዳኋት።

«ታዲያ አስተዳዳሪው የት ናቸው?»

በጣቴ አሳየኋት። አቶ ሞላልኝ «አስተርጓሚ» ከሚለው ካርድ ኋላ ተቀምጠው «የስ» አሉ። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ካርዱንም ለማስታወሻ ብላ ለምና ይዛው ሄደች።

መኪናዋ ከዓይን ከራቀ በኋላ አቶ ሞላልኝ ወደ እኔ መጡ።

«መምህር።»

«አቤት ጌታዬ።»

«ሳታሳፍረኝ ብየህ አልነበር?»

«ብለውኛል።»

«በገዛ ወረዳየ አስተርጓሚ አርገኸኛል፤ ያውም የማይተረጉም። ደብዳቤው እንደ ነበረ ነው። ባለቤትህ ምትክ ሲገኝ ትለቀቃለች።»

ያችው መስመር! አንገቴን ደፋሁ። ልለምን አሰብኩ፤ የሚለመንበት ቃል ግን በሁለቱም ቋንቋ ጠፋኝ። ታንጉትን ቅዳሜ ምን እላታለሁ? የሌላ ሰው ጥፋት አልነበረም፤ በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ እጄ ተርጉሜ፣ መልቀቂያዋን በገዛ እጄ ነው ያባረርኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በብርዱ አመካኘሁ።

ከጎናችን ሽማግሌው በቅሏቸውን ሊጭኑ ኮርቻውን እያጠበቁ ነበር። እጃቸውን አቆሙ።

«ምን ሲገኝ ነው ያልክ፣ ሞላልኝ?»

«ምትክ አባየ። በሷ ቦታ የምትገባ አስተማሪ።»

«ማናት እሷ?»

«ታንጉት የምትባል…»

«ያች ነፍሰ ጡሯ? የልጅ ልጆቼን የምታስተምረው?» ወደ እኔ ዞሩ። «ባሏ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን ቆመው አዩዋቸው።

«ከኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ ቢሞትባቸው ነው እናት ካባቴ ምትኩ ያሉኝ። ይኸው እስተዛሬ ምትክ ሁኘ ኖርሁ። ዛሬም ባንተ ወንበር ተቀመጥ ብትለኝ ምትክ ሁኘ ተቀመጥሁ፤ ባንተ ፋንታ ተናገር ብትለኝ ተናገርሁ። እና ፊትህ ቁሜ ምትክ ጠፋ ትለኛለህ?»

ቄሱ ከበቅሎዋ ማዶ ሆነው ቀስ ብለው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ።

አቶ ሞላልኝ ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጡ ብዬ ወደ ኋላ ስል ለካስ እየሳቁ ነው፤ ጠዋት የዋጡት ሁሉ በሳቅ ወጣ። አባታቸውን አቅፈው፣ ጋቢያቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ ማመልከቻውን ከኪሴ ነጥቀው ኮርቻው ላይ ዘረጉትና ማዕዘኑ ላይ ጻፉ፦ «ምትክ ስለተገኘ ትለቀቅ።»

እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ንገረኝ።»

«ጌታዬ፣ ታንጉት ብቻ ይበቃል» አልኩ። «አባቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ቢጠሯቸው ይመጣሉ፣ ይኸን ዳገት አይችሉትም።»

ታንጉት በሳምንቱ በአይሱዙ መጣች፤ ከኋላ ፍራሿና አንድ ጆንያ ድንች፣ እሷ ፊት ከሹፌሩ ጎን። ሚኒባስ በዘለለ ቁጥር ወገቤን መያዝ ትቻለሁ። ማታ ማታ የምሰማው የሷን ትንፋሽ ነው፤ በሰባቱም ቀን። እፎይ ማለት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ማክሰኞ ዕለት ሚስቱን ቤት ያግኛት።

ስለ ርክክቡ የነገረችኝን ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም። መልቀቂያው በደረሰ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ የሰልፍ ደወል ሳይደወል ጋሸ ምትኩ በበቅሎ ትምህርት ቤቱ ደረሱ። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የዘር ድንች ይዘዋል። እውነተኛዋ ምትክ አስተማሪ እስክትመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ እስከዚያ ድረስ በታንጉት ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ጓሮ አሰልፈው ዘር እንዴት እንደሚመረጥና ውርጭ በየት በኩል እንደሚመጣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ርእሰ መምህሩ ከልክሎ አይከለክላቸው የአስተዳዳሪው አባት፣ ፈቅዶ አይፈቅድላቸው ደብተር የማያውቁ፤ ግራ ገብቶት ያን ሰኞ የርክክብ ቅጽ አወጣ። አስረካቢ ታንጉት፤ አንድ ፓኬት ጠመኔ፣ አንድ መጥረጊያ። ወደ ተረካቢው ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠየቃቸው።

«ምትኩ ማን ልበል?»

«ሚስተር ምትኩ በል» አሉት። «በእንግሊዝኛ ከዚያ ወዲያ የለውም።»